ስለ እስረኛ መዝገብ፤ ለማን ሊከፈት ለማንስ ሊዘጋ ይገባል?

ሰው በሞተ ጊዜ ዘመዶቹ አልቅሰው ይቀብሩታል፤ ሠልስቱን፥ አርባውንና ሰማንያውን ያወጡለታል፤ ኀዘኑም ምንም ቢከብድ ቀን በገፋ ቁጥር እየቀለለ ይሄዳል። ሰው ከቤቱ ወጥቶ የገባበት ያልታወቀ እንደ ሆነ ግን ለዘመዶቹ እንዲህ ያለ መጽናኛ የላቸውም። እንዳያለቅሱ በሕይወት ይኖር ይሆናል፤ ተስፋ እንዳያደርጉ ሞቶ ይሆናል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልባቸው ይደነግጣል። ስለዚህ ሰውን አስሮ ስፍራውን መሰወር ቅጣቱን በእስረኛው ላይ ብቻ አያቆመውም፤ ምንም ባልበደሉት በእናቱ፥ በሚስቱና በልጆቹ ላይ ጭምር ያካፍለዋል።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ልጅሽ ትናንት ማታ ተይዞ ሄደ የተባለች እናት የምታደርገው የታወቀ ነው። በማለዳ ተነሥታ እንጀራውን ከወጡ ጋር በምሳ ዕቃ ታዘጋጃለች፤ ብርድ ልብስ ትይዛለች፤ ከአጣና ተራ ጀምራ እስከ አየር ጤና ድረስ በየፖሊስ ጣቢያው ደጅ እየቆመች «እገሌ የሚባል ልጅ ከእናንተ ዘንድ አለ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። በአንዱ ደጅ «የለም» ይሏታል፤ በሌላው «ነገ ተመለሺ» ይሏታል። ወጡ በእጇ ይቀዘቅዛል። ዳሩ ግን ከነዚያ ደጆች በአንዱ ውስጥ፥ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ፥ የልጇ ስም የተጻፈበት መዝገብ ተቀምጧል። እንግዲህ ያ መዝገብ የማን ነው? የሹሙ ነው? የእስረኛው ነው? ወይስ የሕዝቡ ሁሉ ነው? ጥያቄው የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በሥሩ ታላቅ የምግባር ጥያቄ አለበት።

ቀራንዮ የሚለው ስም ራሱ ለዚህ ነገር መነሻ ይሆናል። በጥንቱ ቀራንዮ፥ በመስቀሉ ላይ፥ የተሰቀለው ማን እንደ ሆነና የተከሰሰበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ በዕብራይስጥ፥ በጽርእና በሮማይስጥ ተጽፎ ነበር። ስፍራው ለከተማው ቅርብ ስለ ነበረ ብዙ ሰው አነበበው፤ ጽሕፈቱ እንዲለወጥ የለመኑትንም ጲላጦስ አልሰማቸውም። ፍርዱ የግፍ ፍርድ ነበረ፤ ነገር ግን የተፈረደበትን ሰው ስምና ስፍራ አልሰወረም። ያ ጽሕፈት ሁለት ፊት ነበረው። ከመስቀሉ በታች ለቆመች እናት ልጇ በዚያ መኖሩን ይመሰክርላታል፤ በመንገድ ለሚያልፍ ዘባች ደግሞ መዘበቻ ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲህ የእስረኛ ስም በተጻፈበት ሁሉ እነዚህ ሁለት ፊቶች ሳይለያዩ ይገኛሉ።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ከዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፥ ባለዕዳውም ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ፥ አብረው ይውሉ አብረውም ያድሩ ነበር። ይህ ቁራኛ ይባል ነበር፤ ዛሬ ሰውን አጥብቆ መጠበቅ በዓይነ ቁራኛ ማየት ሲባል የዚያ ዘመን ትዝታ በቃሉ ውስጥ አለ። ቁራኛ ውርደትና ጭካኔ ነበረበት፤ እንዲመለስ የሚመኘው አይኖርም። ነገር ግን የተቆራኘው ሰው በገበያና በመንገድ ይታይ ስለ ነበረ የት ገባ አያሰኝም ነበር። መዝገቡ ሰንሰለቱ ነበረ፤ አንባቢውም መንገደኛው ሁሉ። በኋላ እስረኛው ከግንብ ውስጥ ሲገባ ከሰው ዓይን ተሰወረ፤ ያን ጊዜ መዝገብ የዓይን ምትክ ሆነ። መዝገቡም የተዘጋ እንደ ሆነ ምንም ምትክ አይቀርም።

ይህ ምን ያህል እንደሚከፋ በአዲስ አበባ በከርቸሌ ታይቷል። ስሙ ካርቸሬ ከሚለው የኢጣልያ ቃል የመጣ ነው፤ በውስጡም ዓለም በቃኝ የተባለው ክፍል ነበረ። ዛሬ ግንቡ ፈርሷል፤ በስፍራው በተሠራው ሕንጻ የአፍሪካ ኅብረት ይሰበሰባል፤ ሕንጻውም የተመረቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎች፥ አብዛኞቹ የቀድሞ ሚኒስትሮችና የጦር አለቆች፥ ከፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ፤ በማግሥቱ እሑድ ስማቸው በሬዲዮ ተነበበ። በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ለቤተ ሰብ የሚከፈት መዝገብ ስላልነበረ ስንቁ ራሱ መዝገብ ሆነ። ስንቁ ከተቀበሉት ሰውየው አለ፤ «ከእንግዲህ አታምጡ» ከተባለና ልብሱ ተጠቅልሎ ከተመለሰ የለም ማለት ነበረ። እናቶች የልጆቻቸውን ሞት ያነበቡት ባልተነካ ምሳ ዕቃ ላይ ነው።

ከፍ ያለ ማዕርግም ከዚህ አላዳነም። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. በስውር ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐረፈ። በመካከሉ በነበረው 13 ዓመት ያህል ጊዜ ለአንድ ፓትርያርክ በመቃብሩ ላይ ቆሞ ፍትሐት የሚያደርስ ካህን አልተገኘም፤ መቃብሩ አልታወቀምና።

ታዲያ በዚያ ዘመን መዝገብ አልነበረም ሊባል አይቻልም። ነበረ፤ ደግሞም በጥንቃቄ ይጻፍ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግን ባለሥልጣኖች ሲከስ ካቀረባቸው ማስረጃዎች ብዙዎቹ የራሱ የመንግሥቱ ወረቀቶች፥ ፊርማና ማኅተም ያለባቸው ትእዛዞች ነበሩ፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ለተሰጠውም የጥፋተኝነት ፍርድ መሠረት ሆኑ። እንግዲህ ችግሩ መዝገብ መጥፋቱ አልነበረም። መዝገቡ ለሚጠላ ተከፍቶ ለሚወድ ተዘግቶ ነበር።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ሆኗል። በኅዳር 1934 ዓ.ም. የጀርመን መንግሥት «ሌሊትና ጉም» የተባለ ትእዛዝ አወጣ። በተያዙት አገሮች የተቃወሙ ሰዎች በስውር ወደ ጀርመን እንዲወሰዱና ስለ እነርሱ ለቤተ ሰባቸው ምንም ወሬ እንዳይነገር አዘዘ፤ ምክንያቱንም ሳይሸሽግ፥ ሕዝቡን ለማስፈራራት ከሞት ቅጣት ጋር የሚተካከለው አለማወቅ ነው አለ። ከዚህ በፊት ግን በ1906 ዓ.ም. ክረምት፥ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በጄኔቭ ቀይ መስቀል የጦር ምርኮኞችን ስም የሚሰበስብ ቢሮ አቁሞ 7 ሚሊዮን የሚያህል ካርድ ጽፎ ነበር። በዚያ ቢሮ አንድ ካርድ ከሌላው ካርድ ጋር ሲገናኝ አንዲት እናት ልጇ የት እንዳለ ታውቅ ነበር። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ያስፈራራበታል፥ ሌላው ያጽናናበታል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ የእስረኛ ስም ሁሉ በአደባባይ ይለጠፍ» ይል ይሆናል። በአሜሪካ በብዙ አውራጃዎች የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ የእስረኛው ስም፥ የተጠረጠረበት ነገር፥ ብዙ ጊዜም ፎቶግራፉ ለማንም ሰው በኢንተርኔት ይታያል። ዘመድ በእውነት ይጠቀማል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጁ የት እንዳለ ያውቃል። ነገር ግን ዘባቹም አብሮ ገብቷል። ፎቶግራፎቹን ሰብስበው ካሳዩ በኋላ ለማንሣት ዋጋ የሚጠይቁ ነጋዴዎች ተነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ይህን የሚከለክል ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰች። ሰውየው በነጻ ቢለቀቅም ፎቶግራፉ አይለቀቅም፤ ሥራ በጠየቀ ጊዜ ይቀድመዋል፤ ሚስት ባጨ ጊዜ ይቀድመዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ክሱ በመታየት ላይ ያለ ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቈጠር ብሎ ደንግጓል፤ ታዲያ ስሙን ከነነውሩ በአደባባይ የሚለጥፍ ሰው ዳኛውን ቀድሞ ፈርዷል።

ስለዚህ ጥያቄው መዝገቡ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም። ወደ መዝገቡ የሚመጣው ሰው ምን ይፈልጋል ብሎ መጠየቅ ያሻል። ሰውን የሚፈልግ አለ፤ ነውርን የሚፈልግም አለ። ሰውን የሚፈልገው የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ በሕይወት አለ ወይ? የት ነው? ጤናው እንዴት ነው? ይላል። ይህ ሊከለከል አይገባም። ነውርን የሚፈልገው ግን ምን ሠራ? ፊቱ ምን ይመስላል? ይላል፤ ለዚህ የመጨረሻው ፍርድ እስኪነገር ድረስ መልስ ባይሰጥ የሚጐዳ የለም።

ለዚህ አሳብ ኮልፌ ራሱ ምስክር አለው። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ተማረ፤ ሥልጠናውን ካሰናዱለት መኮንኖች አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ፤ እርሳቸውም በጄኔራልነት ማዕርግ ሳሉ ታስረው በ1967 ዓ.ም. ተገደሉ። ማንዴላ ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዘ፤ በሮበን ደሴት ቍጥሩ 466/64 ሆነ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. የገባ 466ኛ እስረኛ ማለት ነው። ከ27 ዓመት እስራት በኋላ ተፈታ። ታኅሣሥ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ በስሙ ተሰይሟል። ደንቡ እስረኛው የገባበት ቀንና ሰዓት፥ ያሰረው ባለሥልጣን፥ በገላው ላይ የታየው ቍስል፥ የቤተ ሰቡም ስም በመዝገብ ይጻፍ ይላል፤ እስረኛውም መታሰሩንና ወደ ሌላ ስፍራ መዛወሩን ወዲያው ለቤተ ሰቡ የማስታወቅ መብት ይሰጠዋል። ያው ደንብ ደግሞ መዝገቡ በምስጢር ተጠብቆ ሥራው ግድ ለሚለው ብቻ እንዲታይ ያዛል። እንግዲህ በአንድ ደንብ ውስጥ ሁለቱም ተገናኝተዋል፤ ነውሩ ይሸፈናል፥ ስፍራው ይነገራል።

በኢትዮጵያም ሕግ መሠረቱ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባዋል፤ በአንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛው፥ ዘመዱ፥ ወዳጁ፥ የሃይማኖት አባቱ፥ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጐበኙት ይችላሉ። ነገር ግን ያለበት ያልታወቀውን ሰው ማን ይጐበኘዋል? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አካልን ነጻ ለማውጣት የሚቀርበው አቤቱታ ሰውየው የተያዘበትን ስፍራ እንዲያመለክት ይጠይቃል። ስፍራውን የማታውቅ እናት እንዴት አድርጋ አቤቱታዋን ትጽፋለች? የመብት ሁሉ ቍልፍ አንድ የስፍራ ስም ነው፤ እርሱን የያዘ ጸሐፊ ዝም ያለ እንደ ሆነ የሕጉ ደጅ ሁሉ ይዘጋል።

አንዳንድ ሹም «ብንናገር ምርመራው ይበላሻል» ይላል። ማስረጃውን መግለጥ በእውነት ሊያበላሽ ይችላል፤ የሰውየውን መኖር መግለጥ ግን ማስረጃ መግለጥ አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። እስረኛው ራሱ አፍሮ «እናቴ አትወቅብኝ» ያለ እንደ ሆነስ? በዚህ ጊዜ ምስጢሩ የእርሱ ነውና ቃሉ ሊከበር ይገባል። ነገር ግን ይህን ቃል የሚናገረው እስረኛው በራሱ አንደበት ነው እንጂ አሳሪው በእርሱ ስም አይደለም፤ መጠየቁም፥ መመለሱም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።

እንዲህም ከሆነ ታላቁ ፍርድ የሚፈረደው በከፍተኛው ችሎት ብቻ አይደለም። በጣቢያ መስኮት አጠገብ በተቀመጠ ተራ ጸሐፊ ዘንድም ይፈረዳል። ምሳ ዕቃ የያዘች ሴት ከፊቱ በቆመች ጊዜ መዝገቡን ገልጦ «እዚህ ነው፤ ደኅና ነው» ቢላት አንድ ሰው ከሌሊትና ከጉም አወጣ። ዞር ብሎ ስለ ልጁ ነውር የሚጠይቀውን መንገደኛ «ይህን ዳኛ ይንገርህ» ቢለው ደግሞ ያንኑ ሰው ከዘባቾች አዳነ። ሁለቱንም ያደረገ ጸሐፊ ደመወዙ ትንሽ ቢሆን ሥራው ትንሽ አይደለም።