የትንሿ ብሎን ኀላፊነት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ «እኔ የታዘዝሁትን ብቻ ነው የሠራሁት» የሚል ሰው ከሥራው ፍሬ ነጻ ይሆናልን? ይህን ጥያቄ የሚያነሡት የፍልስፍና መጻሕፍት ብቻ አይደሉም፤ ዘፈንም ያነሣዋል።

ፔይን ኦፍ ሳልቬሽን የተባለው የስዊድን የሙዚቃ ጓድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ሁለተኛ አልበሙን አወጣ። ስሙ ሲተረጐም «አንድ ሰዓት በኮንክሪቱ ሐይቅ አጠገብ» ማለት ነው። ሙዚቃው ፕሮግሬሲቭ ሜታል የሚባለው ዓይነት ሲሆን፥ ጊታሩ ያጓራል፤ ምቱ ይሰባበራል፤ ሰሚው የዓለም ፍጻሜ የደረሰ ይመስለዋል። በ2000 የወጣው ተከታዩ ሥራ የበለጠ ስለ ተመሰገነ ይህኛው በጥላው ሥር ቀረ፤ ጥያቄው ግን ሊረሳ የሚገባው አይደለም።

ታሪኩ በጦር መሣሪያ ሥራ የተሰማራ ሰው ታሪክ ነው። ይህ ሰው ራሱን በትልቅ ሞተር ውስጥ እንዳለች ትንሽ ብሎን ይቈጥር ነበር። በኋላ ኅሊናው ቢወቅሰው ዓለምን ሊያይ ወጣ፤ ከመሬታቸው የተነቀሉ ሕዝቦችን አየ፤ በመጨረሻም ከሐይቁ ዳር ደረሰ።

ሐይቁ ልብ ወለድ አይደለም። በሩሲያ፥ በኡራል ተራሮች አካባቢ፥ ማያክ በተባለው የኑክሌር ፋብሪካ አጠገብ ካራቻይ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ነበር። ከ1951 ጀምሮ የፋብሪካው ጨረራማ ዝቃጭ ተደፋበት። በ1967 በድርቅ ምክንያት ዳርቻው ሲደርቅ ነፋስ አቧራውን አንሥቶ በመንደሮች ላይ በተነው። በ1990 እንደ ተነገረው፥ በዳርቻው አንድ ሰዓት መቆም ሰውን ለመግደል ይበቃ ነበር። በኮንክሪትና በድንጋይ ሲሞላ ቈይቶ በ2015 ፈጽሞ ተደፈነ።

እንግዲህ ይህን ያደረገው ማን ነው? አንዱ ፕላን ነደፈ፤ አንዱ ፈረመ፤ አንዱ ቧንቧ ከፈተ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለበጎ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ክፉም ሥራ የሚጠነክረው በቀጫጭን ክሮች ነው።

እርግጥ ነው፥ አዛዡና ታዛዡ በደላቸው እኩል አይደለም። ሥራው በምስጢር የተያዘ ነበርና የሚያደርገውን ያላወቀ ሠራተኛ ብዙ ነበር። ልጆቹን ለማብላት የሚደክመውንም ሰው «እንጀራህን ጣል» ብሎ መፍረድ ቀላል አይደለም። ሆኖም ማወቅ ያልቻለና ማወቅ ያልፈለገ አንድ አይደሉም። የፊተኛው ይታዘንለታል፤ የኋለኛው ግን ዓይኑን የጨፈነው በገዛ ፈቃዱ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፥ ነገ ሥራ ስትይዝ ደመወዙን ከጠየቅህ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምር፤ «ከእጄ የሚወጣው ነገር መጨረሻው የት ነው?» በል። መልሱን ለመስማት የምትፈራ ከሆነ፥ ፍርሃትህ ራሱ ግማሹን መልስ ነግሮሃል።