መክሊቱ ለማን ተሰጠ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወጣቶች! መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ (ማቴ. 25) አልሰረቀም፤ የተፈረደበት ስላልሠራበት ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በጎረቤታችን በአምባሰል፣ በግሸን ማርያም አሥር ዓመት ያህል በምናኔ ኖሩ። ኋላ በጎንደር የያሬድን ዜማ የሚማሩ፣ ደጅ የሚያድሩ ድኾች አይተው አዘኑ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ፒያኖ መምታት ግን ያውቁ ነበር። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ታተመ፤ የሙዚቃቸውንም ገቢ ለችግረኞች አዋሉት። በ2023 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ከእኛም መካከል ድምፀ መልካም አለ፤ በገና የሚደረድርም አለ። አልበም አውጥቶ መመስገን ያጓጓል። ነገር ግን ዛሬም ቁራሽ እየለመነ የሚማር የቆሎ ተማሪ በደጃችን ያልፋል። መዝሙራችን ለእርሱ ምን አተረፈለት?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።