ኬላ ጠባቂው የማን ነው?

ከ130 ዓመት በፊት ሺሺንዳ ላይ አንዱን አቁመን «አንተ የማን ነህ?» ብንለው ጎሳውንና ንጉሡን ይጠራልን ነበር እንጂ «ብሔር» የምንለው ነገርማ አይገባውም። የካፋ ንጉሥ ከሚንጆ ጎሳ ይነግሣል፤ ሚክሬቾ የተባለው የሰባት አማካሪዎች ሸንጎ ደግሞ ልጓም ይሆንበታል። አገሩ በጉድባና በኬላ የታጠረ ነው።

አውሮጳም ከዚህ ብዙ አልራቀችም። እ.ኤ.አ. በ1640 ካታሎኖች በስፔን ንጉሥ ላይ ሲነሱ ከሁሉ በፊት የተሟገቱት ለቋንቋቸው ሳይሆን፣ ንጉሡ ሊያከብረው ለማለላቸው ጥንታዊ መብት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1897 የካፋ መንግሥት በምኒልክ ጦር ወደቀ፤ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾም ተማረከ። «የዱሮው ይሻል ነበር» የሚል አይጠፋም። ቆይ እስቲ! ያንን ኬላ ከሚጠብቁት መካከል ማንጆዎች ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በካፊኛ፣ የሚኖሩትም እዚያው ምድር ላይ ነው። ማዕድ ሲቀርብ ግን ከሌላው ጋር አይቀመጡም። ኬላው ከፈረሰ በኋላም መገለሉ አልፈረሰም።

ዛሬ ካፋ በስሙ የሚጠራ ዞን አለው፤ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም ቦንጋ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። መልካም ነው። እንግዲህ «እኛ» ስንል ደጁን ሲጠብቅልን የኖረውን ሰው ቆጥረነዋል? ካልቆጠርነው ሰንደቁ ቢለወጥ፣ ወንበሩ ቢቀየር ለእሱ ምኑ ነው?