ስለ ዘበኛና ስለ ሕሊናው

በፉሪ ተራራ ግርጌ በፖሊስነት ያረጀ ሰው የአገሩን ጥበቃ ወደ ኋላ ተመልሶ ቢመረምር፥ በመሣሪያው ብዙ ለውጥ ያገኛል። ቀድሞ በደለኛ የሚፈለገው በአውጫጭ ነበረ፤ እስኪታወቅ ድረስ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ ይያዝ ነበር። ሌባ ሻይም ነበረ፤ መድኃኒት የጠጣ ብላቴና ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቈጠር ነበር። በ1934 ዓ.ም. ፖሊስ በዐዋጅ ተቋቋመ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት እንዲቀርብ፥ ተገዶም እንዳይናዘዝ አዘዘ።

ነገር ግን ሽማግሌው ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ሌላ ነው፤ መሣሪያው ሲለወጥ እጁስ ተለውጧልን? ንጹሑን በግርፋት የሚያናዝዝ ፖሊስ ከሌባ ሻይ በምን ይሻላል? ይልቁንም ይከፋል፤ ብላቴናው የሚያደርገውን አያውቅም ነበርና፥ ፖሊሱ ግን ያውቃል።

አውጫጭ ንጹሑን ከበደለኛው ጋራ ቢያስጨንቅም፥ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ እንዲጠየቅ ያደርግ ነበር። ዛሬ ፉሪ የሸገር ከተማ ክፍል ሆኖ በእንግዳ ሰው ሲሞላ፥ እውነትን የሚናገር ምስክር የሚገኘው ሕዝቡ ፖሊሱን ሲያምነው ብቻ ነው። የሚታመነውም ማንም በማያይበት ክፍል ሕጉን ሲያከብር ነው። ሕጉ 48 ሰዓት ቈጠረ፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ እስረኛውን የሚጠብቀው ግን የጠባቂው ሕሊና ነው።