ሌላው ያደፈረሰውን ውኃ ማን ይጠብቀው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ መጋቢነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አሥራትንና የተሰጠንን መክሊት ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ምድርና በውስጧ ያለው ሁሉ የእግዚአብሔር መሆኑን ነቢዩ ዳዊት ያስተምረናል (መዝ. 23፥1)። ለአዳምም በገነት የተሰጠው ሥራ ማበጀትና መጠበቅ ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ለእኛ ለቃሊቲ ልጆችስ እንድንጠብቀው የተሰጠን ምንድን ነው? መልሱ በአጠገባችን ይፈሳል።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክመው ወደ እኛ ይወርዳሉ፤ የቤቱን ፍሳሽ፣ የጋራዡን ዘይት፣ የፋብሪካውን ዝቃጭ ሁሉ። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ቢደረግም፣ ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው ቤትና ድርጅት ፍሳሽ ዛሬም ወንዝ ይገባል። በዚሁ ውኃ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ይለማል። በአትክልቱም ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ይኸው የአቃቂ ምድር ከጥልቅ ጉድጓዶቹ ለከተማው የመጠጥ ውኃ የሚሰጥ መሆኑ ነው።

«ይህን እኛ አላመጣነውም፤ ከላይ የወረደ ነው» ይባላል። እውነትነት አለው። ንጹሑን ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን በጎች እግዚአብሔር በነቢዩ በሕዝቅኤል አድሮ ወቅሷል (ሕዝ. 34፥18-19)። ወቀሳው ከላይ ላሉት ብቻ ነው ብለን ግን አንረፍ። ወንዙ ቃሊቲ ላይ አይቆምም። ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር ሐይቆች ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የጣልነው ነገር ከአገር አይወጣም፤ ከብቱን የሚያጠጣ ወንድማችን ደጃፍ ይደርሳል። ለላይኛው ታችኛ የሆንን እኛ፣ ለታችኛው ላይኛ ነን።

እዚህ ላይ በደልንና ኃላፊነትን እንለይ። ደጉ ሳምራዊ መንገደኛውን አላቆሰለውም፤ ቁስሉን ግን አሰረለት (ሉቃ. 10)። ይህ ማለት ወንበዴዎቹ ንጹሐን ናቸው ማለት አይደለም። ሳምራዊው የወንበዴዎቹን መያዝ ሳይጠብቅ የራሱን ድርሻ ሠራ ማለት ነው።

ድርሻችን ግን ቀላል አይደለም። ከመካከላችን አባቱ በፋብሪካ፣ እናቱ በጎመን መደብ የሚያሳድሩት አለ። «ፋብሪካው ይዘጋ፣ ጎመኑ ይነቀል» ብሎ መጮህ ዋጋውን ሌላው እንዲከፍል ማድረግ ነው። በሌላው እንጀራ የሚፈጸም መጋቢነት መጋቢነት አይደለም። በአንጻሩ እንጀራ እንዳይቋረጥ ብለን ዝም ካልን፣ በዚያ ቆስጣ የሚያድገውን ሕፃን እንረሳለን። መካከለኛው መንገድ እውነትን በትዕግሥት መናገር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መበከልን ይከለክላል። ስለዚህ የምንጠይቀው ፋብሪካው እንዲያጣራ፣ ገበሬውም ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ ነው። ይህንንም በወረዳው ስብሰባ ተገኝተን እንጠይቅ።

ሌላውን ለመጠየቅ ግን የራሳችን እጅ ንጹሕ ይሁን። ጥር 11 ቀን ውኃው ሲባረክ በዝማሬ እናጅባለን። ጥር 12 ቀን ማግስቱንስ በውኃው ዳር ላስቲኩንና ጠርሙሱን የሚያነሳው ማን ነው? በዓመት አንድ ቀን መጥረጊያ ይዞ መውጣት ዘመቻ ነው፤ መጋቢ ግን የሚታወቀው በየቀኑ ነው። ስለዚህ ከየሠፈራችን አንድ ቦይ፣ አንድ የወንዝ ዳር ተረክበን ክረምት ከበጋ እንጠብቅ።

ጌታ መጋቢውን የጠየቀው በእጁ ስለነበረው ሒሳብ ነው (ሉቃ. 16፥2)። እኛም ስለ ከተማው ሁሉ አንጠየቅ ይሆናል፤ በደጃችን ስላለፈው ውኃ ግን እንጠየቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።