ሐሰተኛ ነኝ ስላለ ሰው

ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለቲቶ በላከው መልእክት፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በ12ኛውና በ13ኛው ቍጥር፣ የቀርጤስን ሰዎች ሐሰተኝነት ሲያነሣ ምስክር አድርጎ የሚያቀርበው የውጭ ሰው አይደለም፤ ከራሳቸው ወገን የሆነውን፣ ነቢያችን የሚሉትን ሰው ነው። ሐዋርያው ስሙን አልጠራም፤ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ግን ኤጲሜኒድስ እንደ ሆነ ጽፏል።

ንባቡ ቀላል ይመስላል፤ ቆም ብሎ ለሚመረምረው ግን ጭንቅ አለበት። የቀርጤስ ሰዎች ዘወትር ይዋሻሉ ያለው እርሱ ራሱ የቀርጤስ ሰው ከሆነ፣ ቃሉ እውነት ቢሆን እርሱም እንደ ወገኖቹ ዋሽቷልና ቃሉ ሐሰት ይሆናል። እርግጥ ከቀርጤስ ሰዎች አንዱ አንድ ጊዜ እንኳ እውነት ተናግሮ ከሆነ፣ ነገሩ ተራ ሐሰት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በኋላ የተነሣው የሚሊጢን ሰው ኤውቡሊድስ እንቆቅልሹን አጠበቀው ይባላል፤ ይኸውም አንድ ሰው «ይህ አሁን የምናገረው ሐሰት ነው» ቢል፣ እውነት ነው ስንለው ሐሰት፣ ሐሰት ነው ስንለው እውነት ይሆናል። የቆስ ደሴት ሰው ፊሊጣስ ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ እንቅልፍ አጥቶ ሞተ የሚል ወሬ አለ። ብዙዎች ይሥቁበታል፤ እኛ ግን አንሥቅበትም።

በወጣትነታችን በመጻሕፍት ቤት ሳለን የዚህን መልእክት ትርጓሜ በተቀበልንበት ሰሞን፣ በነፍስ አባታችን ፊት ቆመን ኃጢአታችንን ስንናገር፣ ንግግራችን እያማረ፣ ልቅሷችንም ደስ እያሰኘን መሄዱን አስተዋልን። ይህን ግብዝነት ብንናዘዘው መናዘዛችን ትሕትና መስሎን ደግሞ ደስ አለን። ያንንም ብንናገር እንዲሁ ሆነ። መውጫ ብናጣ፣ «አባቴ፣ እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ሐሰት ነው፤ ይህም ጭምር» ብለን ዝም አልን።

ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት እንደ ሆነች አባቶቻችን አስተምረውናል። ልብ ያስባል፤ ቃልም ከልብ ተገኝቶ ልብን ይገልጣል። ሐሰት የምንለው ቃል ልብ ካሰበው ሲለይ ነው። በእኛ የደረሰው ግን ከዚህ የረቀቀ ነበር፤ ቃላችን የልባችንን ነገር ሳያዛባ ተናገረ፤ ልብ ግን የገዛ ቃሉን ሰምቶ ታበየና ሌላ ሆነ፤ ምስክርነቱም ከአፍ እንደ ወጣ አረጀ። ሰው ድንጋይን ሲመረምር ድንጋዩ አይለወጥም፤ ራሱን ሲመረምር ግን መርማሪውም ተመርማሪውም አንድ ነውና አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

የፖላንዱ ሊቅ አልፍሬድ ታርስኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ ሥርዓቱ የሰፋ ቋንቋ የገዛ ቃሉን እውነትነት በራሱ ውስጥ ሆኖ ሊበይን እንደማይችል፣ ከእርሱ በላይ የሆነ ሌላ ቋንቋ እንደሚያስፈልገው አስረድቷል። ሊቁ የጻፈው ስለ ሒሳብና ስለ ቋንቋ ሥርዓት እንጂ ስለ ነፍስ አይደለምና የእኛን ሸክም ልንጭንበት አይገባም። ሆኖም ነገሩን ከተረዳን በኋላ ወደ ሐዋርያው ብንመለስ፣ ብዙ ጊዜ አንብበን ያለፍነውን አየን። ጳውሎስ የቀርጤሱን ሰው ቃል ከጠቀሰ በኋላ፣ ምስክርነቱ እውነት መሆኑን ራሱ ያጸናዋል። ሐሰተኛው ስለ ወገኖቹና ስለ ራሱ የተናገረውን የሚያጸናለት ከቀርጤስ ያልሆነ፣ በውጭ የቆመ ሰው ነው። ያጸናበትንም ምክንያት ይናገራል፤ ቲቶ እንዲገሥጻቸውና በሃይማኖት ጤነኞች እንዲሆኑ ነው እንጂ እንዲጣሉ አይደለም። ሐኪም የበሽተኛን ቃል እንዲሁ ይቀበላል፤ ሕመሙ አፍን የሚያጣምም ቢሆን እንኳ።

ያን ጊዜ የነፍስ አባታችን ፈገግ አላሉም፤ አልተቈጡምም። «ልጄ፣ አንተ ኃጢአትህን ቍጠር፤ አነጋገርህን የሚመዝነው ሌላ ነው» አሉንና አርባ ስግደት ሰጥተው ለማግሥቱ ቀጠሩን። በማግሥቱ ሄደን የተናገርነው ከትናንትናው እጅግ ያጠረ ነበር፤ ልቅሶም አልነበረበትም።