የአራጋው ድርሻ

በደላንታ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች አንዲት መንደር፣ ዘነቡ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ በሞተ በዓመቱ በልጉ ከሸፈ። ደላንታ በልግ ሲከዳው ክረምቱን የሚሻገርበት ስንቅ አይኖረውም፤ በሰኔ ይታጨዳል የተባለው ገብስ ከቀረ የሐምሌና የነሐሴ ጉርስ አብሮ ይቀራል። ዘነቡ ሁለት ጥማድ መሬቷን በ400 ብር ለአያ ይመር በወለድ አገድ ሰጠች። ብሩን እስክትመልስ ድረስ መሬቱን እሱ እያረሰ ይበላል። ዕዳው ግን በስንት ዓመትም አይቀንስም።

በ1996 ሐምሌ የሚታገድ መሬት አልነበራትም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇን አራጋውን እዚያው አያ ይመር ቤት በእረኝነት አስቀጠረችው። የዓመት ደመወዙ አንድ ኩንታል ገብስ ሆነ፤ እሱንም በቅድሚያ ተቀበለች። ገብሱ እሷንና ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን እስከ መስከረም አደረሳቸው። ልጁ ግን እስከሚቀጥለው ሐምሌ የሰው ነው። ሐምሌ ሲመለስ ጎታው እንደገና ባዶ ነበርና ውሉ ታደሰ።

አያ ይመር ክፉ ሰው አልነበረም። ለቅሶ ይደርሳል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ አራጋውንም ራት ከልክሎት አያውቅም። በክረምት ደጁን የመታ ሁሉ እህል ይዞ ይወጣል። ደጁን የመቱት ሰዎች እዚያው ትተውት የሚወጡት ነገር ነው በየዓመቱ የበዛው፤ የአንዱ መሬት፣ የሌላው ጊደር፣ የዘነቡ ልጅ።

በ1997 ሴፍቲኔት የሚባል ነገር ተጀመረ። ቀድሞ እርዳታ የሚመጣው ረሃቡ ከተሰማ፣ ተለምኖም ከተገኘ በኋላ ነበር፤ አንዳንዴም በጉና ፍየሉ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። አሁን ግን በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በየዓመቱ የሚራቡት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች አስቀድመው ተመዘገቡ። ጉልበት ያለው በዓመት ስድስት ወር የልማት ሥራ ይሠራል፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን፣ በቀን በ6 ብር ሒሳብ። ሽማግሌው፣ አካል ጉዳተኛውና ነፍሰ ጡሯ ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል።

በጥር 1998 መዝጋቢዎቹ ዘነቡ ቤት መጡ።

«ስንት ነፍስ ናችሁ?»

«አራት።»

«አራጋው እኮ የሚያድረው አያ ይመር ቤት ነው።»

«ማደሩን እዚያ ያድራል። ልጅነቱ የኔ ነው።»

ጸሐፊው ትንሽ አመነታና አራት ብሎ ጻፈ።

ለአራት ነፍስ በወር ሃያ ቀን መሥራት ነበረባት። ጎህ ሲቀድ ተራራው ላይ ትወጣለች፤ ወንዶቹ በዶማ ይቆፍራሉ፣ እሷና ሴቶቹ ለእርከኑ ድንጋይ ይሸከማሉ። ማታ ስትገባ ትከሻዋ ይነድዳል። የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ከወረዳ የመጣው ገንዘብ ያዥ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስም ጠራ። ዘነቡ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ስሟ ላይ አተመችና 120 ብር ተቀበለች።

ቤቷ ገብታ ብሩን ቁርበቱ ላይ ደረደረችው። ሠላሳው የሷ፣ ሠላሳው የትልቋ ልጅ፣ ሠላሳው የትንሿ። ቀሪውን ሠላሳ ብር ብዙ አየችው። የአራጋው ነው፤ አራጋው ደግሞ እዚህ ቤት አይበላም። ሦስቱን የአሥር ብር ኖቶች አጣጥፋ በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረቻቸው።

በየካቲትም እንዲሁ አደረገች። በመጋቢትም፣ በሚያዝያም። ብሩ በዚያ ዓመት ወር ሳይዘል መጣ። መምጣቱን ስታውቅ ዘነቡ ሱቅ በዱቤ መውሰድ ተወች፤ ባለሱቁ ለዱቤ ሰው ጨውንም ዘይትንም አስወድዶ ነው የሚሰጠው። እህልም በየቀኑ በጣሳ መሸመት ቀረና ገበያው ረከስ ባለ ቀን የወሩን ባንዴ ገዛች። ብሩን ሳታስበው አንድ ቀን ቢሰጧት ኖሮ ይህን አታደርግም ነበር፤ ሲመጣ አንድ ጊዜ ጠግበው በልተውት ያልቅ ነበር። ሰው ለነገ የሚያስበው ነገ የሚበላው እንዳለ ሲያውቅ ነው።

ሰኔ ሲያልቅ መቀነቷ ላይ ስድስት ቋጠሮ ነበር።

በሐምሌ መባቻ አያ ይመር ራሱ መጣ። ወሬ ሰምቷል።

«ዘነቡ፣ ብር ቋጥረሻል አሉ።»

«ቋጥሬያለሁ፣ አያ ይመር።»

«ስንት ሆነልሽ?»

«180።»

«መልካም አደረግሽ። እኔ 200 ብዬ ልቁጠርልሽና አንዱን ጥማድ ልመልስልሽ። አራጋውም እኔው ዘንድ ይክረም፤ የሐምሌ ገብስሽን እንደ ወትሮው መጥተሽ ውሰጂ። መሬት እኮ መሬት ነው፣ ልጄ።»

ጎረቤቷ እማማ ሎሚ ተቀበይ በሚል ዐይን አዩዋት። ማንም ቢሆን ይቀበላል። መሬት ይመለሳል፣ ገብስ ይመጣል፣ ሃያ ብር ይማራል።

ዘነቡ ዝም ብላ ቆየችና ጠየቀች።

«አያ ይመር፣ መሬቱን ቢመልሱልኝ ማን ያርስልኛል?»

ሴት ዕርፍ አትጨብጥም በሚባልበት አገር ጥያቄው ለማንም ግልጽ ነው። አያ ይመርም ቶሎ መለሰ።

«እኔ አርስልሻለሁ። በሬውም ጉልበቱም የኔ ይሁን፤ ምርቱን እኩል እንካፈላለን።»

«ከብቱንስ ማን ያግድልዎታል?»

«አራጋው ነዋ!»

«እንግዲህ መሬቱም ልጁም እርስዎ ዘንድ ሊቆዩ ነው። ከዚህ ቤት የሚወጣው 180 ብሩ ብቻ ነው።»

አያ ይመር አልተቆጣም። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው፣ «ምን ፈለግሽ ታዲያ?» አላት።

«ልጄን። መሬቱ እርስዎ ዘንድ ይቆይ።»

በስድስቱ ቋጠሮ ገብስ ገዛች። የሐምሌ ገበያ ነውና ኩንታል አልሞላም። ክረምቱን በገብስ ቂጣና በጎመን፣ አንዳንድ ማታ በንፍሮ ብቻ አለፉት። መንደሩ ዘነቡ ተሳሳተች አለ። መሬት ሲሰጧት ተጨማሪ አፍ ወደ ቤቷ አስገባች አሉ።

በመስከረም አራጋው አንደኛ ክፍል ገባ። ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ሲቀመጥ ጉልበቱ ከዴስኩ በታች አልገባ እያለ ያፍር ነበር። ከትምህርት መልስ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት የሰው ከብት ሲጠብቅ በጎች ምን እንደሚወዱ፣ በምን እንደሚታመሙ ለይቶ ዐውቋል። እማማ ሎሚ ይህን አይተው አንዲት እናት በግ ለርቢ ሰጡት፤ የመጀመሪያው ግልገል የሱ፣ ሁለተኛው የሳቸው ሊሆን ተስማሙ። ግልገሏ በየካቲት ተወለደች።

በ1999 የጥር፣ የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ክፍያ በወሩ ደረሰ። የግንቦቱ አልደረሰም። ሰው ሥራውን ሠርቷል፣ ስሙም ተጽፏል፤ ገንዘቡ ግን ወረዳ ላይ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ዞን ላይ ነው ተባለ፣ ከዚያ መክፈያው ሰነድ ስሕተት ስላለው ተመልሷል ተባለ። ሰኔም ገብቶ አለፈ።

በዚያ ሰሞን በአያ ይመር ደጅ ያለፈ ሰው ነገሩን በዐይኑ ያየው ነበር። ክፍያው በቀኑ ሲደርስ ያ ደጅ ጭር ይል ነበር። አሁን ከማለዳ ጀምሮ ሰው አጥሩን ተደግፎ ተራ ይጠብቃል። አንዱ የእርሻ በሬውን ሊሸጥ፣ አንዱ ገና የሚመጣውን ክፍያ በግማሽ ዋጋ አስቀድሞ ሊሸጥ፣ አንዷ ልጇን አስከትላ።

አራጋው አንድ ማታ፣ «እማዬ፣ እኔ ልመለስ። አያ ይመር ሌላ እረኛ አልቀጠረም» አላት።

ዘነቡ አልመለሰችለትም። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ግልገሏን ሸጠች። ሁሉም የሚሸጥበት ቀን ስለነበረ ሊገዛ የመጣው ነጋዴ ዋጋውን ራሱ ቆረጠ። አራጋው ገበያ አብሯት አልሄደም። የሁለቱ ወር ክፍያ፣ 240 ብሩ፣ ሐምሌ ሲጋመስ ባንድ ላይ መጣ። ብሩ ሙሉ ነበር፤ አንድም ሳንቲም አልጎደለም። ዘነቡ ግልገል ልትገዛ ገበያ ወጣች። አሁን ደግሞ ሁሉም ገዢ ሆኗልና የሸጠችበት ዋጋ የበጉን ግማሽ አልገዛም።

በ2000 ጥር ሕዝቡ ቀበሌ ተሰበሰበ። ከወረዳው የመጣው ባለሙያ የቀን ክፍያው ከ6 ብር ወደ 8 ብር ማደጉን አበሰረ። ተጨበጨበ። የእህል ዋጋ ግን ያን ጊዜ ከዚያ በላይ ሸሽቶ ነበር። ባለሙያው አስተያየት ካለ ሲል ዘነቡ ተነሣች።

«ለሁለቱ ብር እግዜር ይስጥልን» አለች። «እኔ የምለምነው ቀኑን ነው። የግንቦቱን በግንቦት ስጡን። የሚዘገይም ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ምን እንደምንሸጥ እናስብበት።»

ባለሙያው ማስታወሻው ላይ ጻፈው። በዚያ ዓመት አራቱ ወር በቀኑ ተከፈለ፤ ሁለቱ ዘገየ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ አይደለም። የእማማ ሎሚ በግ መውለዷን ቀጠለችና በጎቹ ረቡ። በሰኔ 2001 ዘነቡ ሁለት በግ ሸጣ፣ ከሴፍቲኔቱ ያጠራቀመችውን ጨምራ፣ 400 ብሩን አያ ይመር እጅ ላይ በሽማግሌ ፊት ቆጠረችና ሁለቱንም ጥማድ ተረከበች። አራጋው አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። በሬ ስላልነበራቸው ለጎረቤት ሁለት ቀን እያረሰ በሦስተኛው ቀን የጎረቤቱን ጥማድ በሬ ለራሱ ይጠምዳል። ያረሰው ገብስ በ2002 ሲታጨድ ምርቱን ከማንም ጋር አልተካፈሉም።